የድንኳኑ ሁለት ሊቀመንበሮች

የኔነሽ በዕድሜዋ ያልሆነችው ነገር ቢኖር ሊቀመንበር ብቻ ነበር። ምክትልማ ሆናለች፣ ያውም ደጋግማ። የድሬ ሰው ኮተኒ በሚለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሴት ሠራተኞች ምክትል ተጠሪ ነበረች። በቀበሌው የሴቶች ማኅበር ምክትል ነበረች። በሰፈሩ ዕድር ደግሞ በዛብህ የሚባል የባቡር ጡረተኛ ሊቀመንበር፣ እሷ ምክትል ሆነው ልጆቿ አድገው ከቤት እስኪወጡ ድረስ ዘልቀዋል። ሊቀመንበር ይናገራል፣ ይጨበጨብለታል፣ ኮፍያውን አድርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ምክትል ግን ሰው ሲበተን አግዳሚ ወንበሮቹን ብቻዋን እየጎተተች ከግድግዳ ታስጠጋለች፣ መብራት ታጠፋለች፣ በር ትቆልፋለች። ደግ ነገር ከተሠራ ሊቀመንበሩ ሠራው ይባላል፤ ጉድለት ከተገኘ «ምክትሏ የት ሄዳ ነው?» ይባላል። የኔነሽ ይህን ሁሉ በፈገግታ ትችለው ነበር። ፈገግታዋ ባሏን ክፍሉን ግን አያታልለውም።

ስለዚህ በዛብህ ጓዙን ጠቅልሎ አዲስ አበባ ልጁ ጋ ሊኖር በሄደ ጊዜ፣ የኔነሽ ለምርጫው ስብሰባ ለጥምቀት ብቻ የምታወጣውን ቀሚስ ለበሰች። ዕድሩ ውስጥ ሌላ ተወዳዳሪ የለም። ባቡር ነጂው ክፍሉም ያን ቀን ተራው ስላልነበረ ጢሙን ተላጭቶ ከኋላዋ ተከተለ።

«እንግዲህ ዛሬ ከሊቀመንበር ጋር ልተኛ ነው» አላት በር ላይ።

«አፍህን ሰብስብ፣ ሰው ይሰማል» አለችው፤ ደስታዋን ግን መደበቅ አልቻለችም።

ደስታዋ እስከ ስብሰባው አጋማሽ ብቻ ቆየ። ነገሩ እንዲህ ነው። በሰፈሩ የክርስቲያኑ ዕድርና የሙስሊሙ አፎሻ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር፤ አፎሻ ማለት ያው የሙስሊሙ ዕድር ነው፣ ለቅሶም ሠርግም አለበት። ዕድሩ ገና አዲስ የሆነ ሰፊ የድንኳን ሸራ ነበረው፤ የእንጨት ምሰሶውን ግን ምስጥ ጨርሶታል። አፎሻው ደግሞ በብሎን የሚገጣጠም የብረት ቱቦ ምሰሶ ነበረው፤ ሸራውን የድሬ ፀሐይ በልቶት ወንፊት ሆኗል። አንዱ ካንዱ እየተዋሰ ስንት ሠርግ ተደግሷል። ቀበሌው ይህን አየና ያን ቀን ሁለቱንም በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ሰሃኑን የሚያስተዳድር አንድ የዕቃ ማኅበር ይቋቋም አለ። ድስቶቹ ብቻ ለየብቻቸው ይቀመጡ ተባለ። የሥጋ ነገር ነውና እዚያ ውስጥ አብዮቱም ቢሆን እጁን አላስገባም።

በዚህ ማንም አልተቃወመም። ሊቀመንበሩ ማን ይሁን ሲባል ነው ነገር የመጣው። የዕድሩ ሰው የኔነሽን ጠቆመ። የአፎሻው ሰው ሀዎን ጠቆመ። ሀዎ ታይዋን ገበያ ልብስ የምትነግድ፣ ድምፅዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ፣ ስትስቅ ትከሻዋ የሚንቀጠቀጥ ሴት ናት፤ የአፎሻውን ሴቶች የምትመራውም እሷ ነበረች። እጅ ወጣ፤ እኩል ሆነ። ስብሰባውን የሚመራው የቀበሌው የድርጅት ጉዳይ ኃላፊ ጓድ ቡልቻ ደግሞ ቆጠረ፤ አሁንም እኩል ሆነ። ቡልቻ ገና ወጣት ነው፣ ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሰው የማይጠላው ልጅ። ጥቂት አሰበና ፊቱ በራ።

«ጓዶች፣ ለዚህ ቃል አለ» አለ። «የጋራ ሊቀመንበር ይባላል። ጓዲት የኔነሽና ጓዲት ሀዎ የጋራ ሊቀመንበሮች ይሆናሉ።»

አዳራሹ ቃሉን እየተቀባበለ ቀመሰው። አንዱ ሽማግሌ ግማሽ ግማሽ ሊቀመንበር ማለት እንደሆነ ጠየቁ። ሌላው ተባባሪ ሊቀመንበር ቢባል አይሻልም ወይ አለ፤ ተባባሪ ማለት እኮ ያው ረዳት ነው ብለው አፉን አስያዙት። ቡልቻ እጁን አነሳ።

«ግማሽ የለም። ሁለቱም ሙሉ ናቸው። አንዷም የሌላዋ ምክትል አይደለችም። አንዷ የፈቀደችው ሁለቱም እንደፈቀዱት ይቆጠራል። የቃሉ ትርጉም ይኸው ነው።»

«ባንስማማስ?» አለች ሀዎ።

«ትስማማላችሁ» አለ ቡልቻ።

«ወላሂ፣ ባልና ሚስት እንኳ እንዲህ ተብሎ አይጋባም» አለች፤ አዳራሹም በሳቅ ተበተነ።

የኔነሽ ግን አልሳቀችም። ሙሉ ነሽ ተብላለች፤ ታዲያ ለምን የጎደለ መሰላት? ያን ሁሉ ዘመን ስትጠብቅ፣ በመጨረሻ የመጣው ሊቀመንበርነት ከጎኑ ሌላ ሰው አስቀምጦ ነው የመጣው። በመንገድ ላይ ክፍሉ ሲያያት ዝም ማለት አቃተው።

«እኛስ ቤት እንዴት ነው? እኔና አንቺም የጋራ ሊቀመንበሮች ነን?»

«እንጃ» አለችው። የምሯን ነበር። የቃሉ ትርጉም በስብሰባ ተነገረ እንጂ አጠቃቀሙን ማንም አላሳያትም።

ሰፈሩ ግን አጠቃቀሙን ወዲያው ገባው። ሀዎ ሰሃን የከለከለችው ወደ የኔነሽ ይመጣል፤ የኔነሽ አግዳሚ የከለከለችው ወደ ሀዎ ይሄዳል። እናቱ እምቢ ስትለው አባቱ ጋ የሚሮጥ ልጅ የሚያደርገውን ጺም ያወጣ ሰው ሁሉ ያደርገው ጀመር። ሁለቱ ሴቶች ሲገናኙ ሰላምታቸው ረጅም ነው፣ ሳቃቸውም ደስ ይላል፤ የፈቀዱትን ግን አንዷ ለአንዷ አይናገሩም። የኔነሽ በበኩሏ እንዲህ ብላ አስባ ነበር፦ ፈቃድ ከጠየቅኳት ምክትሏ ሆንኩ ማለት ነው። ምክትልነት ደግሞ በቃኝ።

ጥር ገባ። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ አብዲራህማንን ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ አገኘችው። አብዲራህማን የከሰልና የሣር ነጋዴ፣ ከአፎሻው ነባር አባላት አንዱ ነው። ልጁን በሚቀጥለው እሑድ ሊድር ነውና ድንኳን ፈልጎ ሀዎን እየጠበቀ ነበር።

የኔነሽ ልቧ ዘለለ። ለዕድሩ ሰው ብትፈቅድ ሁሉም የእነሱ ሊቀመንበር ይላታል፤ እሱ ደግሞ ያው ግማሽ ነው። ሙሉ መሆኗ የሚታወቀው ለአፎሻው ሰው ስትፈቅድ ነው።

«ሀዎን ለምን ትጠብቃታለህ?» አለችው። «እኔ የለሁም እንዴ?»

«አንቺማ አለሽ። ግን የኛ ነገር ሆኖ…»

«የእናንተና የኛ ቀርቷል፣ አብዲራህማን። ድንኳኑ እሑድ ያንተ ነው። ቅዳሜ ጧት ጋሪ ይዘህ ና።»

አብዲራህማን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገናትና ሄደ። የኔነሽ ያን ምሽት ቤቷ ገብታ ለራሷ እያንጎራጎረች ራት ሠራች። ሀዎ ስትሰማ ምን ዓይነት ፊት እንደምታሳይ እያሰበችም ትንሽ ሳቀች፤ ክፋት የለባትም፣ ሰው ናት።

ቅዳሜ ጧት አብዲራህማንን ከነጋሪው አስከትላ ስትደርስ ዕቃ ቤቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሀዎ መሃል ላይ ቆማ ታዛለች፤ ጎረምሶች ሸራውን አንከባለው እያወጡ ነው። ከአጠገቧ ትርንጎ ቆማለች። ትርንጎ የዕድሩ ሰው፣ የየኔነሽ የቅርብ ጎረቤት፣ ልጇን ለመዳር ካለፈው ዓመት ጀምራ እህል ስታስፈጭ የኖረች ናት።

«የኔነሽ፣ አቦ ጥሩ ሰዓት መጣሽ» አለች ሀዎ። «ድንኳኑን ለትርንጎ ልጅ ሠርግ እያወጣን ነው። ለነገ ፈቅጄላታለሁ።»

የኔነሽ ደሟ ወደ ራሷ ወጣ። «ትርንጎ የዕድር ሰው ናት። የምትጠይቀው እኔን ነው።»

«የኔም ሐሳብ አንቺን መጠየቅ ነበር» አለች ትርንጎ አፍራ። «ታይዋን ለልጅቷ ጫማ ስገዛ ሀዎ አየችኝና ለምን እኔን አትጠይቂኝም፣ እኔ ሊቀመንበር አይደለሁም ወይ አለችኝ። እምቢ ልበላት?»

«አንቺስ ከአብዲራህማን ጋር ምን ትሠሪያለሽ?» አለች ሀዎ፤ ጋሪውን ገና አሁን ነው ያየችው። «አብዲራህማን የማን ሰው ነው?»

የኔነሽ ዞራ ጋሪውን አየችው። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። አንዷ ለሌላዋ ሰው በመፍቀድ ሙሉ ሊቀመንበር ለመሆን እንደሞከረች ገባቸው፤ ሌላዋም ልክ ያንኑ ማድረጓ ገባቸው። በሌላ ቀን ቢሆን መንገድ ላይ ተቀምጠው ይስቁበት ነበር። ያን ጧት ግን ሁለቱም ቃል ሰጥተዋልና ሳቁ አልመጣም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጭቅጭቅ ሰፈሩ እስከዛሬ ያወራዋል፤ ማን ለማን እንደተከራከረ ግን ሁሌም ይምታታበታል። የኔነሽ ለአብዲራህማን ልጅ ተሟገተች። እንግዶቹ ከቢዮ አዋሌና ከዋሂል በጭነት መኪና ነው የሚመጡት፣ ሽማግሌ አለ፣ ያረገዘች አለች፣ ፀሐይ ላይ ሊቀመጡ ነው ወይ አለች። ሀዎ ለትርንጎ ልጅ ተሟገተች። ጠጁ ተጥሏል፣ ቄሱ ተነግሯቸዋል፣ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ነገ ይመጣል፣ በየትኛው ጥላ ሥር ሊቀመጥ ነው አለች። የዕድሩ ሰው የኔነሽን ሊደግፍ ይፈልጋል፤ ከደገፋት ትርንጎን ሊበድል ነው። የአፎሻው ሰውም በሀዎ በኩል ያው ነው። ሁሉም አፉን ይዞ ቆመ።

ጓድ ቡልቻ ተጠርቶ መጣ። የሁለቱንም ሰማና አንገቱን አከከ።

«አንዷ የፈቀደችው ሁለታችሁም እንደፈቀዳችሁት ይቆጠራል ብያለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ስለዚህ ሁለታችሁም ለሁለቱም ፈቅዳችኋል። ሁለቱም ቃል የጸና ነው።»

«ቃሉ ሁለት ከሆነ ድንኳኑም ሁለት ነዋ» አለ አብዲራህማን።

ቡልቻ የካኪውን ኮሌታ አስተካከለ። «ሰኞ ስብሰባ ይጠራል» አለ። «ይህ አሠራር ለእኛ ሰፈር የከበደ ይመስለኛል። አንዷ ሊቀመንበር፣ አንዷ ምክትል ትሆናለች። እስከዚያ ሠርጎቹን እንደምንም አድርሱ።»

ምክትል የምትለዋ ቃል የኔነሽ ጆሮ ውስጥ ቀረች። ሰኞ ማናቸው ምክትል እንደሚሆኑ ማሰብ አልፈለገችም፤ ሆኖም ሌላ ነገር ማሰብ አቃታት። ሁለት ሠርግ ከተበላሸ ደግሞ ምክትልነቱም ይቀራል።

መላው ከሠርጎቹ ሰዓት ተገኘ። የትርንጎ ድግስ ምሳ ነው፤ ሙሽራው ከሰዓት ልጅቷን ይዟት ይሄዳል። የአብዲራህማን እንግዶች የሚሰበሰቡት ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ነው። ስለዚህ ድንኳኑ መጀመሪያ ትርንጎ ቤት ይተከል፣ ሙሽሪት እንደወጣች ይፈታና አብዲራህማን ቤት ይወሰድ ተባለ። ሁለቱ ሊቀመንበሮች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ። ተስማምተውም በአንድ ላይ ተሳሳቱ፤ ብሎኑን ማንም አላሰበውም።

እሑድ ምሳው አማረ፤ ሙሽሪት በዕልልታና በለቅሶ ተሸኘች። ክፍሉ የባቡሩን መፍቻ ይዞ ምሰሶው ሥር ገባ። አንዱን ብሎን ታገለው፤ አልነቃነቅ አለው። ወደ ሌላው ሄደ፤ ያም ያው ነው። የዛገውን ቅዳሜ በመዶሻ አስገብተውት ኖሮ አሁን በምን ይውጣ።

«ይሄ በናፍጣ ተነክሮ ካላደረ አይፈታም» አለ ላቡን እየጠረገ።

ከአብዲራህማን ቤት መልእክት መጣ። ከዋሂል የመጣው መኪና ቀድሞ ደርሷል፤ እንግዶቹ ግድግዳ ጥላ ላይ ተጣብቀው ቆመዋል። የኔነሽ አንዱ አግዳሚ ላይ ዘጭ አለች። ለአብዲራህማን «እኔ የለሁም እንዴ» ያለችበት ድምፅ ጆሮዋ ላይ ይጮኽባት ነበር፤ አፈረች።

ሀዎ መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች። ድንኳኑን ቀና ብላ አየችው። «እናቴ ገጠር ሳለች ቤቷን ግመል ላይ ጭና ነው የምትሄደው» አለች። «ቤት ከሄደ ድንኳን የማይሄድበት ምክንያት ምንድን ነው?»

«ያ ፈርሶ ነው የሚጫን።»

«ይሄ ካልፈረሰ ሳይፈርስ ይሂዳ።»

የኔነሽ ቀልድ መስሏት ዞረች። ሀዎ አትቀልድም። ድንኳኑ የቆመው በቱቦ ላይ ነው፣ ቱቦዎቹ ከላይ ተያይዘዋል፣ በየምሰሶው ሥር ሰው ቢገባ ይነሳል። የሰው እጥረት ደግሞ የለም፤ የትርንጎ እንግዶች ጠጁን ጠጥተው ፀሐይ ላይ መውጣቱ አስጠልቷቸው አሁንም ከጥላው ሥር ናቸው።

«ተነሱ» አለች የኔነሽ ብድግ ብላ። «ጥላውን ከፈለጋችሁ ከጥላው ጋር ትሄዳላችሁ። ሀዎ፣ ካስማውን አስነቅይ።»

በየምሰሶው ሁለት ሁለት ሰው ገባ። ቡልቻም የተተኮሰውን ካኪ እጅጌ ሰብስቦ ከመሃለኛው ምሰሶ ሥር ገባ። ድንኳኑ ሲነሳ ሴቶቹ ዕልል አሉ። የኔነሽ ከፊት ሆና «ወደ ቀኝ» አለች፤ ሀዎም ከጎኗ ሆና «ወደ ግራ» አለች። ግማሹ ቀኝ፣ ግማሹ ግራ ሲሄድ ቱቦው ጮኸና ድንኳኑ ባለበት ተጣመመ። ክፍሉ እየሮጠ መጣ።

«ቁሙ፣ ቁሙ» አለ። «ሁለታችሁም አንድ ቦታ ላይ ምን ትሠራላችሁ? ዳገት ላይ ባቡር ሁለት ሎኮሞቲቭ ሲደረግለት አንዱ ፊት ነው፣ አንዱ ኋላ። የፊተኛው መንገድ ያያል፣ የኋለኛው ይገፋል። የፊቱ ሲያፏጭ የኋላው ይመልሳል። ካልተፏጨ ማንም ንቅንቅ አይልም።»

«ሊቀመንበሩ የፊተኛው ነዋ» አለች የኔነሽ ቶሎ ብላ።

«ዋርያ ክፍሉ፣ እኔ ገፊ ልሆን ነው?» አለች ሀዎ።

«አሁን ጊዜ የለም። አንቺ ኋላ ግቢ፤ ይደርስሻል» አላት። ሀዎ እያጉረመረመች ኋላ ሄደች።

ድንኳኑ ከትርንጎ ደጅ ወጣና የሰፈሩን መንገድ ሞላው። የኔነሽ ከፊቱ ነጠላዋን አደግድጋ ትሄዳለች። «ሂዱ» ትላለች፤ ከኋላ ሀዎ «መጣን» ትላለች። ባጃጅ በሌለበት ዘመን መንገዱ የጋሪና የእግረኛ ነው፤ ጋሪው ቆሞ ያሳልፋቸዋል፣ ባለ ሱቁ ወጥቶ ያጨበጭባል። ከጥላው ሥር አንዱ የሠርግ ዘፈን አነሳ፣ ሌላው ተቀበለ። የኔነሽ አንገቷን ቀና አድርጋ ሄደች። በሕይወቷ ያለመችው ይኸው ነበር፤ ከፊት መሆን።

ከጎርፍ መውረጃው ድልድይ ሲደርሱ ግን ነገሩ ተበላሸ። ከድልድዩ ወዲህ መንገዱ ጠባብ ሆኖ ወደ አብዲራህማን መንደር ይታጠፋል። ድንኳኑ ረጅም ነው፤ አፍንጫው ድልድዩን ነካ፣ ጎኑ ግን አልዞር አለ። ቀኝ ቢሉት ግድግዳ፣ ግራ ቢሉት ገደል። ሸካሚዎቹ ክንዳቸው ዝሎ ማቃሰት ጀመሩ። የኔነሽ አማራጭ ጠፍቷት ወደ ክፍሉ ዞረች።

«ባቡሩስ እንዲህ ሲሆን ምን ያደርጋል?»

«ባቡር ተጠማዝዞ አይዞርም» አለ ክፍሉ። «ወደ ኋላ ይመለሳል። ያን ጊዜ የኋላው ፊት ነው።»

በኋላ በኩል ሀዎ የቆመችበት አጠገብ በባቡር ሠራተኞች ቤቶች መሃል የሚያሳልፍ፣ ትንሽ ዞር ያለ ግን ሰፊ መንገድ ነበር። የኔነሽ አየችው። ይህን ሁሉ ሕዝብ ለሀዎ ማስረከብ ሊሆን ነው። ነጠላዋን ፈትታ እንደገና አደገደገች።

«ሁላችሁም ባላችሁበት ዙሩ» አለች። «ሀዎ፣ ምሪ። መጣን።»

ሰው ሁሉ ቱቦውን ሳይለቅ በቦታው ዞረ። ጅራቱ ራስ ሆነ። ከወዲያ ጫፍ የሀዎ ድምፅ «ሂዱ» ሲል ተሰማ፤ ለዚያ ሥራ የተፈጠረ ድምፅ ነው።

የኔነሽ ከኋላ ስትራመድ የጠበቀችው የድሮውን ስሜት ነበር፤ የአግዳሚ ወንበሩን፣ የመብራቱን፣ የቁልፉን። አልመጣም። ከኋላ ሆና ድንኳኑን ሙሉ በሙሉ ታየዋለች። ፊት ሳለች ያየችው መንገዱን ብቻ ነበር፤ አሁን የሚዘነበለውን ምሰሶ፣ የተፈታውን ገመድ፣ የደከመውን ሰው ታያለች። «የግራው ምሰሶ ከፍ በል» ስትል ከፊት ሀዎ «ከፍ በል ተብለሃል» ብላ ሰልፉን ታቆማለች። ሀዎ «ሂዱ» ስትል የኔነሽ ገመዱን አይታ «መጣን» እስክትል ማንም እግሩን አያነሳም። ይህን ያህል ሰው እሷን ሲጠብቅ አይታ አታውቅም። ደስ አላት፤ በጣም ደስ አላት። ያን ጊዜ የቡልቻ ቃል ትርጉሙ ከነአጠቃቀሙ ገባት።

የአብዲራህማን ሰዎች ድንኳን ሲጠብቁ ድንኳን ከነእንግዳው መጣላቸው። አብዲራህማን ደጁ ላይ ቆሞ መሳቅም መደንገጥም አማረው።

«እነዚህን ሁሉ ማን ጠራቸው?» አለ።

«ሊቀመንበሮቹ» አለ ክፍሉ።

የትርንጎ እንግዶች ከዋሂል ሰዎች ጋር ተደባልቀው ተቀመጡ። ሀዎ ወደ ማብሰያው ሮጠች፤ የኔነሽ ወደ አግዳሚዎቹ። «ለክርስቲያኖቹ ሥጋ እንዳታቀርቡ» ስትል ሀዎ ለአስተናጋጆቹ ይሰማል፤ «ጣፋጭ ሙሸበክና ሻይ፣ ቴምርም ጨምሩላቸው።» የትርንጎ ሰዎችም አልተቀየሙም፤ ሥጋውን ምሳ ላይ ጨርሰው መጥተዋል። ቡልቻ ካኪው በዝገት ተዥጎርጉሮ ጥግ ላይ ሻይ ሲጠጣ፣ የቢዮ አዋሌ ሽማግሌዎች ሙሽራው እሱ ነው ወይ ብለው ጠየቁ።

ሰኞ ከሥራ መልስ አዳራሹ ጢም አለ። ቡልቻ የታጠበ ካኪ ለብሶ ተነሳ። ትናንት የሆነውን አመሰገነ፤ ቢሆንም አሠራር አሠራር ነውና ውሳኔው እንዳልቀረ ተናገረ።

«የጋራ ሊቀመንበር የሚለው ቃል ጥሩ ቃል ነው» አለ። «ግን ግራ አጋብቶናል። ስለዚህ ጓዲት የኔነሽ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ የላብ አደሩ መደብ ናት። ጓዲት ሀዎ ደግሞ ነጋዴ ናት፣ ንዑስ ከበርቴ እንላለን። ጓዲት የኔነሽ ሊቀመንበር፣ ጓዲት ሀዎ ምክትል እንድትሆን ሐሳብ አቀርባለሁ።»

የዕድሩ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። የኔነሽ ወደ ሀዎ አየች። ሀዎ ትስቃለች፤ ትከሻዋ ግን አይንቀጠቀጥም። የኔነሽ ያን ሳቅ አወቀችው። በገዛ ፊቷ ላይ ስንት ዘመን ተሸክማው ኖራለች።

ብድግ አለች። ጭብጨባው ቆመ።

«ሊቀመንበር መሆን እፈልግ ነበር» አለች። «እንደዚህ ብሎ መናገር ያሳፍራል፣ ግን እውነት ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ፈልጌዋለሁ። ምክትልነትን ደግሞ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰው ሲወጣ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ለሀዎ አልሰጣትም።»

ሀዎ ሻርፗን አስተካክላ ወደ መሬት አየች።

ቡልቻ ተቸገረ። «እሺ፣ ይቅር» አለ። «ግን ለበላይ አካል ማስረዳት አለብኝ። የጋራ ሊቀመንበር ማለት ምንድን ነው ሲሉኝ ምን ልበል?»

«ትናንት ድንኳኑን ተሸክመህ ነበር አይደል?»

«ነበርኩ።»

«መሃል ላይ። ማን ነበር የሚመራህ?»

ቡልቻ አሰበ። ትከሻውን ሳያውቀው አሸት አደረገ። «እውነቱን ለመናገር፣ እትዬ የኔነሽ፣ ሁለታችሁም ነበር የምትጮሁብኝ።»

«በቃ፣ እሱን በልልኝ» አለች።

በዚህ ሀዎ ሳቀች፤ አሁን ትከሻዋም ተንቀጠቀጠ። አዳራሹ ተከተላት። እጅ ማውጣትም ሳያስፈልግ ስብሰባው አለቀ፤ ሰው እያወካ፣ ቡልቻን ትከሻውን እየመታው ወጣ።

የኔነሽ እንደለመደችው አንዱን አግዳሚ ልትጎትት ጎንበስ ስትል አግዳሚው ቀለላት። ሀዎ ከወዲያ ጫፍ ይዛዋለች።

«ምክትል የለንማ» አለች ሀዎ። «ማን ያነሳልናል?»

ተያይዘው አነሱትና ወደ ዕቃ ቤቱ በር ሄዱ። በሩ ጠባብ ነው፤ ለማለፍ አንዷ ፊት፣ አንዷ ኋላ መሆን አለባት። ቆሙ።

«ቅደሚ» አለች የኔነሽ።

«አቦ፣ አንቺ ቅደሚ፣ እኔ እገፋለሁ።»

ክፍሉ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ደጃፉ ላይ ይጠብቅ ነበር። «እኔስ ምን ልሁን?» አለ።

ሁለቱ ሊቀመንበሮች ተያዩ።

«አንተ ምክትል ነህ» አለችው የኔነሽ። «በሩን ያዝልን።»

ክፍሉም በሩን ያዘላቸው።